መርዶ ያልሰማችው ቦቃ

ውድ ታዴ፣ የቤዛዬ አባት፤

ከተለያየን ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ቀሩት። ደህና ነኝ ብልህ ታውቅብኛለህ፤ ደህና አይደለሁም ብልህ ደግሞ ባለህበት ትጨነቅብኛለህ። ስለዚህ እሱን ልተወውና በቀጥታ ወደ ፈረስህ ወሬ ልግባ። ከልጅህ ቀጥሎ የምትጠይቀኝ ስለ እሷ እንደሆነ አውቃለሁ። «ቀጥሎ» ያልኩትም ለይሉኝታ ነው።

ቤቱ እንደነበረ ነው። ሰፈራችን ሲዋርድም ያው ሲዋርድ ነው፤ ከላይ ያሉት ሰውዬ አሁንም ቴሌቪዥኑን እያስጮሁ ይተኛሉ። እኔ ቤዛ ብቻዋን እንዳታመሽ ብዬ ሽማግሌዎች የምጦርበት ነርሲንግ ሆም ውስጥ ከማታ ሺፍት ወደ ቀን ተዛውሬያለሁ። ቤዛ በቁመት እኔን ጥላኝ ሄዳለች። በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ መመለሷን አልተወችም፤ ስትቆጣ ግን ያንተን ፊት ታመጣብኛለች፣ ያን ጊዜ ወደ ኩሽና እገባለሁ። ኮትህ ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው። መኪናህንም አልሸጥኳትም፤ ቤንዚን ሰማይ ቢነካም እኔው እየነዳኋት ነው። ማርሚታዋ እንደተበሳ ስለነበር ስወጣና ስገባ በጩኸቷ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። የሌክ ስትሪቱ መካኒክ ጓደኛህ ባየኝ ቁጥር ላስተካክልልሽ ይለኛል፤ እኔም ሌላ ጊዜ እያልኩ አልፈው ነበር። ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ።

ቦቃን ያገኘናት እዚህ የከተማው ባቡር ሥራ በጀመረበት ዓመት ነበር፣ ታስታውሳለህ። ታክሲህን ከመያዝህ በፊት ጠዋት ጠዋት ከከተማ ወጣ ብሎ ባለው በረት ጋጣ ትጠርግ ነበር። የቦቃ ባለቤት የነበሩት አሮጊት ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ሲሄዱ ፈረሷን የሚወስድላቸው አጡና ላንተ ሰጡህ። ንጹሕ የዓረብ ፈረስ ናት እያልክ ቤት ስትገባ ፊትህ እንደ ሙሽራ ፊት ነበር። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ፈረስ የማውቀው ጋሪ ሲጎትት ነው፤ ይህን ሁሉ ድርቆሽ የምትበላ ምን ልታደርግልን ነው ብዬ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩህ። አንተ ግን ግንባሯ ላይ ባለው ነጭ ምልክት ቦቃ ብለህ ሰየምካትና በሰላሌ ኦሮምኛህ ታወራት ጀመር። ከእኔ ይልቅ ከእሷ ጋር ብዙ ታወራ ነበር። የምቀልድ እንዳይመስልህ።

ከዚያ የበረቱ አሠልጣኝ ሊንዳ ቤዛን ማስተማር ጀመረችና ነገሩ ሁሉ ሀንተር ሆነ። እኔም ሳልወድ በግድ ተማርኩት። ፍጥነት የማይቆጠርበት ውድድር ነው፤ ዳኛው መሃል ቆሞ የሚያየው ፈረሱ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ እርምጃውን ዘርግቶ፣ ለምንም ነገር ሳይደነግጥ እንደሚሄድ ነው። ኦፕን የሚሉት ደግሞ ማንኛውም ዝርያ የሚገባበት ነው። ሊንዳ ዓረብ እርስ በርሱ ሲወዳደር ጥሩ ነው፣ ኦፕን ላይ ግን ከእነዚያ ረጃጅም ፈረሶች አጠገብ ሲቆም አይሆንም አለችህ። አንገቱ ከትከሻው ወደ ላይ የበቀለ ነው፣ እርምጃው አጭር ነው፣ ደሙ ትኩስ ነው፣ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ጭራውን ይሰቅላል አለች። አንተ በመጀመሪያ ፈረስ ጭራውን ካልሰቀለ ምኑን ፈረስ ሆነ ብለህ ሳቅህባት። ቤት ስትመጣ ግን እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት ሰጋር በቅሎ ነው አልከኝ። ሽማግሌ ተቀምጦባት የሚተኛባት፣ ነፍሰ ጡር የማታስደነግጥ በቅሎ። ይህ ደግሞ ከዝርያው ሳይሆን ከእጅ የሚመጣ ነው ብለህ ተነሳህ።

የመጀመሪያው ውድድር ዕለት ያደረግከውን ግን እስከ ዛሬ ብቻዬን ሆኜ እስቅበታለሁ። ሌሎቹ ፈረሶች ከቆዳ ልጓምና ኮርቻ በቀር ምንም ሳያደርጉ ቆመዋል። አንተ ስንት ምሽት ተደብቀህ በሠራኸው ቀይ የሱፍ ዘርፍ የቦቃን አንገትና ግንባር አንቆጥቁጠህ ይዘሃት ከች አልክ። ቤዛ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሊንዳ እየሳቀች፣ በጣም ያምራል ግን እዚህ አይፈቀድም እያለች አንድ በአንድ ፈታችው። አንተም አብረሃት ፈታህ። ዘርፉን ኪስህ ከትተህ ቀኑን ሙሉ ዋልክበት።

ቦቃ ያን ዕለት መጨረሻ ወጣች፤ በሚቀጥለውም እንዲሁ። አንተ ግን ከግጦሽ ስትመለስ እያት ትለኝ ነበር። ጠግባና አምናህ ከኋላህ ስትከተል አንገቷ ረዝሞ፣ አፍንጫዋ ጉልበቷ ጋ ደርሶ ትሄዳለች። እሷ መሄድ ታውቃለች፣ ሰው ሲያያት ነው የምትረሳው፤ ልቧ ካረፈ ከማንም ጋር ትቆማለች እያልክ ትከራከር ነበር። ሊንዳም እስቲ እናያለን ትልህ ነበር። ሳታይ ሄድክ።

ያን ጠዋት ታክሲ የሚነዱት ጓደኞችህ አራት ሆነው፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ደጄ ላይ ሲቆሙ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ገባኝ። በዚህ አገር በዚያ ሰዓት ሰው ተሰብስቦ የሚመጣው ለመርዶ ብቻ ነው። ቀብሩ፣ አርባው፣ ሁሉም እንደ ወጉ ሆነ። ከእናንተ አገር ከፍቼም ከአዲስ አበባም ተደወለ። ለሁሉም ተነገረ። የቀረችው አንዲት ብቻ ነበረች፣ እሷም ለማናችንም ትዝ አላለችንም።

ያስታወሱኝ እናትህ ናቸው። ለሙት ዓመትህ ሰሞን ደውለው ስለ ሁሉ ነገር ከጠየቁ በኋላ፣ ፈረሷን ለቅሶው ላይ አወጣችኋት ወይ አሉኝ። እናንተ ዘንድ ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ኮርቻ ተጭኖ፣ የባለቤቱ ልብስ ተደርቦበት በለቀስተኛው መሃል እንደሚዞር አንተ ነግረኸኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ከተማ ውስጥ ነው፣ በረዶውም እስከ ጉልበት ነበር፣ እንዴት ብለን እናመጣታለን አልኳቸው። ከዚያ «ታዲያ እሷ በምን ታውቃለች፣ ልጄ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፤ አላወቀችም። እስከ ዛሬ ሳልነግርህ መቅረቴን አትቁጠርብኝ እንጂ ከሄድክ ጀምሮ በረቱ ጋ በደረስኩ ቁጥር እንዲህ ነበር የሚሆነው። የማርሚታው ጩኸት ገና ከመታጠፊያው ይሰማታል። መብላቷን ትተዋለች፣ አንገቷን ታቀናለች፣ ጭራዋን ትሰቅላለች፣ ታሽካካለች። ከመኪናው ስወርድ ግን እኔን አታየኝም። ከትከሻዬ በላይ፣ ልክ ያንተ ፊት በሚሆንበት ከፍታ ላይ ነው ዓይኗን የምትተክለው። ጆሮዎቿም ወደዚያው ይቆማሉ። መጀመሪያ ጊዜ ዞሬ አየሁ። እኔ ልሙትልህ ታዴ፣ ዞሬ አየሁ። ሁለተኛም፣ ሦስተኛም ጊዜ ዞሬያለሁ፤ በኋላ ዞሬ ባላይም ጀርባዬ ላይ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ሰው ቆሞ እንደሚተነፍስበት። አንዳንዴ አንገቷን ዘርግታ አየሩን ታሸታለች፣ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፣ ከእጅህ ካሮት እንደምትቀበል።

ልክድህ አልችልም፣ ወደድኩት። ከተማው ሁሉ ነፍስ ይማር እያለ ባለፈህ ጊዜ መሞትህን የማታምን አንዲት ፍጥረት ነበረች። እሷ ዘንድ ስሄድ አንተ የዘገየህ ብቻ ነበርክ። ማርሚታውን ያላሠራሁት ለዚህ ነው።

ዋጋውን የከፈለችው ቤዛ ሆነች። አምና በበጋው ውድድር ላይ ሜዳውን በሶምሶማ እየዞሩ ነበር። ሰዎች እንደነገሩኝ ቦቃ አንገቷን ጥላ፣ ልክ አንተ እንዳልከው እየሄደች ነበር። እኔ ከሥራ አርፍጄ ደረስኩና በዚያች መኪና እያጓራሁ ፓርኪንጉ ውስጥ ገባሁ። ቦቃ ቀጥ ብላ ቆመች። አሽካካች፣ ጭራዋን ሰቀለች፣ ቤዛን ይዛ ወደ አጥሩ መጣች። ዳኛው ምን ያድርግ፣ ከውድድሩ አስወጥቶ ስሟ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሠረዘባት። ሊንዳ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን ዓረብ ነውና ምን ታደርጊዋለሽ አለችኝ፣ ለአንድ ተጨማሪ በጋ እንሞክርና ካልሆነ ደቡብ ያለች የዓረብ ፈረስ የምታረባ ወዳጄ ትወስዳታለች፣ ቤዛ በበረቱ ትልቅ ቡናማ ፈረስ ትቀጥላለች አለች። ቤዛ በእንግሊዝኛ መለሰችላት፤ ችግሩ ዘሯ አይደለም፣ አባቴን ነው የምትፈልገው አለቻት። ሲዋርድ ደርሰን መኪናውን ሳቆም ነው ቀስ ብላ፣ በአማርኛ፣ «እማ፣ ማርሚታውን አሠሪው» ያለችኝ። በአማርኛ ስትናገር ነገሩ የምር እንደሆነ ታውቃለህ።

እንዲያም ሆኖ ክረምቱን ሙሉ አላሠራሁትም። ማርሚታው ቢዘጋ እንኳ እሷ መጠበቋን አትተውም፣ የመጣህበትን ድምፅ ብቻ ነው የማጠፋባት ብዬ ተከራከርኩ፣ ከራሴው ጋር። እናትህ ያሉትን ሳስብ ግን ነገሩ ሌላ ሆነብኝ። ሰውን መርዶ ሳይነግሩት ማስቀመጥ ነውር ነው፤ እኛ ዘመዱ ባሕር ማዶ ለሞተበት ሰው እንኳ ጠዋት ተሰብስበን ሄደን እንነግራለን። ይህችን ምስኪን ሁለተኛ ዓመቷን መንገድ ላይ ዓይኗን ተክለን ትተናታል።

በረዶው እንደቀለጠ መኪናውን ለመካኒኩ ጓደኛህ ሰጠሁት። ከሰዓት በኋላ ስቀበለው የሌላ ሰው መኪና ይመስል ነበር። ኮትህን ከበሩ ጀርባ አወረድኩና ከቤዛ ጋር ወደ በረቱ ሄድን። ቦቃ ቀና አላለችም፤ ድርቆሿን እየበላች ነበር። ኮርቻዋን ጫንናት፣ ኮትህን ከላይ ደረብንላት። ሊንዳ መጥታ ምን ልታደርጉ ነው አለች፤ ቤዛ ልንነግራት ነው አለቻት። ሊንዳ ሁለተኛ አልጠየቀችም። ሄዳ የግቢውን በር ከፈተችልንና ኮፍያዋን አውልቃ ቆመች።

ቤዛ ዛቧን ይዛ፣ እኔ ከጎን ሆኜ፣ ሰው ያልተቀመጠባትን ፈረስ ጭቃው ላይ አዞርናት። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ነበር። ሙሾ አላውቅም፣ ስምህን ብቻ ጠራሁ። ከዚያ ቆምንና ኮትህን አውርጄ አፍንጫዋ ላይ ያዝኩላት። አንገትጌውን አሸተተች፣ እጅጌውን አሸተተች፣ ኪሱ ውስጥ አፏን ከተተች። ረጅም ትንፋሽ አወጣች። ይህን ጊዜ በአንተ ቋንቋ «ዱኤራ» አልኳት። ሞቷል ማለት እንደሆነ በስልክ ስትነጋገር ሰምቼ የያዝኩት ነው፤ አነጋገሬ ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም። አለቀሰች አልልህም፣ ፈረስ ናት። ብቻ ከትከሻዬ በላይ ወዳለው ቦታ ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ አየችኝ። እኔን፣ ዓይኔን። ከሄድክ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ቤዛ አንገቷን አቅፋ ተንሰቀሰቀች። ከኋላዬ ያለው ብርድ ጥሎኝ ሄደ፤ እኔ ደግሞ እሱን ፍለጋ ዞርኩ፣ ምንም አልነበረም።

ውድድሩ በነሐሴ ነበር፣ በዚህ አገር በጋ። ሊንዳ የቀጠረችልን የመጨረሻው። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ቀድሜ ደረስኩና አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ። ቦቃ ስትገባ ከእነዚያ ረጃጅሞች መሃል ልጅ ትመስል ነበር። ሶምሶማውን ጀመሩ። አንገቷ ወረደ፣ ጀርባዋ ለሰለሰ፣ እግሯ ሣሩን እየዳበሰ ሄደ። ቤዛ እጇን አላንቀሳቀሰችም። በግልቢያው መሃል አንድ የጭነት መኪና፣ ማርሚታው ካንተ መኪና የባሰ፣ አጥሩን ታክኮ አለፈ። ቦቃ አንድ ጆሮዋን ወደዚያ መለሰች። መልሳ ወደ ቤዛ አዞረችው። አንገቷ ካለበት አልተነሳም፣ እርምጃዋም አልተሰበረም።

ሦስተኛ ወጣች፣ ቢጫ ሪባን። ዳኛው እርምጃዋ አጠር ይላል፣ ግን ከሁሉም የረጋችው እሷ ናት አለ። ሊንዳ ወደ እኔ መጣችና አብዛኞቹ ዓረቦች አይሆኑም የምለውን አልለውጥም፣ ይህች ግን ትሆናለች፣ ባልሽ ትክክል ነበር አለች። ቦቃ የትም አትሄድም፣ ታዴ። ቤዛ ኮርቻውን እንደያዘች አቅፋ ልታነሳኝ ምንም አልቀራትም፤ እየሳቀች፣ ያንተን ሳቅ እየሳቀች ነበር። አጨበጨብኩ፣ እልል አልኩ፣ ፈረንጆቹ ዞረው አዩኝ። ከዚያ መኪናህ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ያንን ሁሉ ጊዜ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ። የተከራከርክለት ነገር ሆነ፤ የሆነው ግን አንተን መጠበቅ ስለተወች ነው።

አትቀየማት። እኛ ነን ንገሩኝ ሳትል የነገርናት። አሁን በልታ ትተኛለች፣ መኪና ሲመጣ ቀና አትልም፣ ስወርድ ወደ ኪሴ ነው የምታየው። ልቧ አርፏል፣ አንተም የተመኘህላት ይህንኑ ነበር። እኔ ግን ቃል የምገባልህ ሌላ ነው። መርዶዬን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ አፈርህን በእጄ በትኛለሁ፣ የሚነግረኝ ሰው አያስፈልገኝም። ሆኖም ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር የያዝኩትን አስቀምጬ ቀና እላለሁ። እኔን የሚሠርዝብኝ ዳኛ የለም። እድሜዬን ሙሉ ቀና እልልሃለሁ።

ያንተው፣
የቤዛ እናት