ጣፋጭ የማያውቀው ሰውዬ

ሚያዝያ 9
ልብስ አጠብኩ። ጫማ ሰፊው ጎረቤቴ በዳማ አሸነፈኝ። ቀኑ እንደ ሌላው ቀን ነበር... ማታ ልጄ መጣች። ከሥራ ከተቀነሰች ወዲህ ስትብሰለሰል ከርማ፣ አይስክሬም ቤት ልክፈት አለች። ከነገር ሁሉ አይስክሬም!
እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ባለቤቴን ስኳር በሽታ ሲይዛት ከቤታችን ጣፋጭ ወጣ። ልጃችን ገና ትምህርት ቤት አልገባችም ነበር። እኔም ባለቤቴን፣ አንቺ ያልቀመስሽውን አልቀምስም አልኳት። አልኩና... ከሥራ ስወጣ ታጥፌ እየገባሁ አይስክሬም እበላ ነበር። እስክታርፍ ድረስ። ጌታ ሆይ፣ እሷስ ታመመች፣ እኔን ምን ነካኝ?

ሚያዝያ 14
ሱቁ ተገኘ። ቁልፍ ቀራጭ የነበረበት ጠባብ ክፍል። ግድግዳውን እኔ ቀባሁ። ሮዝ ይሁን አለች፣ ሮዝ ሆነ። ጠዋት ለጸሎት ስቆም ጎኔ ያለው ሰውዬ ጆሮዬን ያያል። ለካ ጆሮዬም ሮዝ ሆኗል። የሱንም ጸሎት አበላሸሁ።

ሚያዝያ 21
የመጀመሪያው የማንጎ አይስክሬም ወጣ። የሚስቴ እህት ሦስት ጊዜ አስጨመረች። ልጄ ማንኪያ ስትሰጠኝ አክስቷ ከእጄ ነጥቃ፣ ተይው፣ እሱ ጣፋጭ ምን ያውቃል አለች። እንዲህ ያለ ባል የት ይገኛል ብላም ጨመረችበት። ልጄ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ ጣራ ጣራውን አየሁ።
ሲወጡ ሳህኑን ላስኩ። ቀጭ ቀጭ ይላል! አሸዋ የገባበት ይመስላል። በዚህ ከከፈተች የቀመሰ ሁሉ ሁለተኛ አይመለስም። ያላት ጥሪት ደግሞ ያለቀው እዚያ አይስክሬም መሥሪያ ማሽን ላይ ነው።
ልንገራት? በምን አወቅህ ብትለኝስ?

ሚያዝያ 22
አልነገርኳትም።

ሚያዝያ 25
ዘዴ ፈጠርኩ። ጫማ ሰፊው ቀምሶት ቀጭ ቀጭ ይላል ብሏል አልኳት። አየት አደረገችኝ።
"አባዬ፣ ሰውዬው ጥርስ የለውም እኮ። በምኑ ነው ቀጭ ያለው?"
ሻዩን ልጣደው ብዬ ተነሳሁ። ውሸት እንኳ በቅጡ አልችልም... እንዲያው ያን ሁሉ ዓመት እንዴት ቻልኩበት?

ሚያዝያ 29
አንተው ግለጽላት ብዬ ስጸልይ ከረምኩ። ዛሬ መሃሉ ላይ አቋረጥኩ። አፍ የሰጠኝ ለምን ሆነና?

ግንቦት 2
ነገርኳት። ነገ መክፈቻ ነው፤ እሷ ወንበር ላይ ቆማ መጋረጃ ትሰቅላለች።
"ልጄ፣ አይስክሬሙ ቀጭ ቀጭ ይላል። ሳይጠነክር እያወጣሽ ደጋግመሽ ምቺው።"
"ማን ነው ያለው?"
"እኔ።"
"አንተ ደግሞ የት በልተህ?"
የቱ ቤት፣ በየስንት ቀኑ፣ ባለቤቱ እንዴት ሲመታው እንዳየሁ... ሁሉንም ዘረገፍኩት። ከወንበሩ ወረደች። አሁን የእናቷን ስም ታነሳለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ።
"እኔስ አባዬ? እኔም እኮ ያለ ስኳር ነው ያደግኩት። እኔን ይዘኸኝ ብትሄድ ምን ነበር?"
ይሄ አንድ ቀን እንኳ በሐሳቤ አልመጣም። እናቷን ነው የበደልኩት ስል የኖርኩት... መጋረጃውን እጄ ላይ ጥላልኝ ወጣች።

ግንቦት 3
መክፈቻው ተራዘመ። አታናግረኝም፤ ግን ማንኪያ ሰጠችኝ። ስትመታ እቀምሳለሁ። ራሴን ስነቀንቅ ትደፋዋለች። ከሰዓት ላይ ግን፣ አንተ ሌባ፣ ይሄኛውስ አለችኝ። ተመስገን።
ለአክስቷም ራሴ ነገርኳት። እሷ ለቅሶ የደረሰች ይመስል ተቀመጠች። ከዚያ፣ ያኔ የቫኒላው እንዴት ነበር አለችኝ።

ግንቦት 11
ዛሬ ተከፈተ። ሰው ከመግባቱ በፊት ልጄን በር ላይ ባለው ጠረጴዛ አስቀመጥኳትና ትልቁን ሳህን ሞልቼ በሁለት እጄ አቀረብኩላት። ቆይተህ ነው የመጣኸው አለችኝ። ማንኪያ ግን ሁለት አድርግ አለች። አደረግኩ። ከጎኗ ቁጭ ብዬ፣ መንገደኛው ሁሉ እያየን፣ በላሁ።