ደም ባንካችንን ስለቆለፈችው ሰዓት

ለሆስፒታላችን የኮምፒውተር ክፍል ክቡር ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደምን ነው? የእኛን ይተዉት፤ እርስዎ ብቻ ደህና ይሁኑልን። በዚህ ቤት ያለ እርስዎ ፈቃድ የሚሠራ ነገር ስለሌለ፣ ቢታመሙብን ማን ይፈቅድልናል ብዬ ነው። የእርስዎው የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ ነኝ፤ ዛሬ ግን ፎቅ ላይ ማዋለጃ ክፍል ደም እየፈሰሳት የተኛችው ሴት ወንድም ሆኜ ይህን በርዎ ላይ ለጥፌያለሁ። ቆሜ ስለምጽፍ ለጽሕፈቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

፩. እንግዳ መቀበያው ስክሪን ላይ ቀለሟን የምትቀያይር ሰዓት ስለጫኑልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ሰዓቷ አዲስ ላይብረሪ፣ ማለትም ፕሮግራሞች የሚደገፉበትን የጋራ ፋይል፣ ፈለገች፤ የደም ባንኩ ፕሮግራም ደግሞ ያለ አሮጌው አይነሳም። ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ሊኑክስ የዋህ ነውና ሁለቱ አብረው እንደማይኖሩ አስጠንቅቆዎት ነበር። እርስዎ አሮጌውን አስወግደው አዲሱን በግድ ጫኑት። ሰዓቷ በእውነት ታምራለች።

፪. የደም ማቀዝቀዣው በር የሚከፈተው በዚያው ፕሮግራም ነው። ከረጢቶቹ በመስታወቱ ውስጥ ተደርድረው ይታዩኛል፤ አልደርስባቸውም። መዶሻ ይዤ ብጠጋ፣ ጥበቃው ያለ እርስዎ ፈቃድ ንብረት አይሰበርም ብሎ ነጠቀኝ። ፈርቻለሁ፣ ክቡርነትዎ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

፫. አሮጌውን ላይብረሪ ለመመለስ የእርስዎ የይለፍ ቃል ያስፈልጋል። የይለፍ ቃሉ የሚሰጠው በማመልከቻ ነው፤ ማመልከቻ ደግሞ በትእዛዝዎ መሠረት በኮምፒውተር ብቻ ይቀርባል፤ የማመልከቻው ፕሮግራም ያንኑ አሮጌ ላይብረሪ ካላገኘ አይከፈትም። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኸው ነው። ጸሐፊዎ፣ እርስዎ ስብሰባ ላይ ስለሆኑ በሩ እንዳይንኳኳ በትሕትና ነግራኛለች፤ መለጠፍን ግን አልከለከለችም። እናቴ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ፣ ኮምፒውተር አዋቂው ልጇ እያለላት ሴት ልጇ እንዴት በኮምፒውተር ምክንያት ደም ታጣለች እያለች ትጠይቀኛለች። ምን ልበላት?

ያቺን ውብ ሰዓት እያየሁ የበርዎን መከፈት የምጠባበቅ፣ እስከ ዛሬ ድረስ ታዛዥዎ የነበርኩ፣
የጥገና ሠራተኛው

ድኅረ ጽሑፍ፦ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ አሁን የሚለግስ ሰው ከተገኘ ደሙን በእጇ መርምራ እንደምትሰጥ ነግራኛለች። የእኔና የእናቴ አልገጠመም። እርስዎ አንገትዎ ላይ በሚያንጠለጥሉት መታወቂያ የተጻፈው የደም ዓይነት ግን ከእህቴ ጋር አንድ ነው። እባክዎ እጅጌዎን ሰብስበው ይውጡልን፤ ክንድዎ የይለፍ ቃል አይጠይቅም።