በገብርኤል ዕለት ያልነቀልኩት ድንች

ሐምሌ 19 ቀን፣ ዘንገና

ጠዋት ድንቹን ምች መትቶት አገኘሁት። ቅጠሉ ጠቁሯል፤ ከበታቹ ነጭ ሻጋታ ይዟል። የታመመውን ልነቅል ስል አባቴ፣ «በገብርኤል ዕለት መሬት ልትነካ? በረዶ ልታስወርድብን ነው?» ብለው ተቆጡኝ።

«አባባ፣ በዚህ ዝናብ እስከ ነገ ማሳውን ይጨርሰዋል» አልኳቸው። አልሰሙኝም። እኔም እጄን አጣጥፌ ዋልኩ።

ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ግን አሳዘንኳቸው መሰለኝ፣ ሊያዩልኝ ማሳው ውስጥ ገቡ። የታመመውን ቅጠል አንድ በአንድ እያገላበጡ አዩ። ከዚያ በዚያው እጃቸው፣ በዚያው በራሰ ጋቢያቸው፣ ብርዱን ፈርቼ ላስቲክ ወዳለበስኩት ቲማቲም ዞሩ። በሽታው ከድንች ወደ ቲማቲም እንደሚዛመት ስንቴ ነግሬያቸዋለሁ። ጎትቼ አላስወጣቸው ነገር፣ አባቴ ናቸው።

«አይዞህ ልጄ፣ ይሄ እንኳ ደህና ነው» አሉኝ፣ ቅጠሉን እየዳበሱ።