ኪኩዬ የተወችው አደራ

ውድ ሞሪታካ፣

«የላክኸውን ፎቶ አየሁት። ፀሐይ ልብስ ማስጫ እንጂ የኮራል መብራት አይደለችም። መስኮት ሥር ያሳደግኸውን ቡናማ ጉድ አልፈልገውም፤ ባሕር ውስጥ ጣለው።»

አንዲት ቃል አልጨመርሁም፣ አልቀነስሁም። የጻፍኸው አንተ ነህ። ኮራል ሕይወት ያለው የባሕር ፍጡር ነውና፣ ከቤት ገንዳ የወጣ በሽታ ይዞ ሊሄድ ስለሚችል ፈጽሞ ወደ ባሕር እንደማይጣል፣ ዩኒቨርሲቲ ሳለን የጮህህብኝም አንተው ነህ። የተናደድሁት በፀሐይዋ ስለቀለድህ አይደለም፤ ራስህ የማታምንበትን ነገር ስለጻፍህልኝ ነው።

ኪኩዬ ያንን ቁራጭ ገንዳችሁ ውስጥ ካለችው እናት ኮራል ቆርጣ ይዛልኝ የመጣች ቀን ደጄ ላይ ቆመህ ትስቅ ነበር።

«መብራት እንኳ የለውም እኮ! መስኮቱን ደግሞ በመራራ ቅል ሐረግ ሸፍኖታል። ኮራሉን ሊያረባው ነው ወይስ ከቅሉ ጋር ሊጠብሰው?»

«አንተ ዝም በል!» አለችህ ሚስትህ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ካንሹ፣ ይኼ ስጦታ አይደለም፤ አደራ ነው። የኛ ከሞተ ካንተ፣ ያንተ ከሞተ ከኛ።»

ኮራል የምናሳድግ ሰዎች ሁሉ እንዲህ እናደርጋለን። ኪኩዬ ግን ከኮራሏ ቀድማ ዐረፈች።

የሳቅህበት ሐረግ ሥራውን ያውቃል። በሙቀቱ ወራት ቅጠሉ ደርቶ ኃይለኛዋን ፀሐይ ይከልላል፤ ፀሐይዋ ስትደክም ቅጠሉ እየረገፈ ያሳልፋታል። ያ አውሎ ነፋስ መጥቶ፣ መብራት ጠፍቶ ያንተ ናጎም የእኔ ናሃም በጨለሙ ጊዜ በገንዳህ ያለው ሁሉ አለቀ፣ የእኔ ተረፈ። ፀሐይ ብቻዋን አዳነችው አልልህም፤ እርግጠኛ ያልሆንሁበትን አልጽፍም። ውሃው እንዳይታፈን ከሚስቴ ከሃሩኖ ጋር እየተፈራረቅን፣ ክንዳችን እስኪዝል በጆግ እየቀዳን ከላይ ስናፈስ ሰነበትን። ብርሃኑን ግን ፀሐይ ሰጠችን። አንተ ብቻህን ነበርህ። ካንተ ጋር የሚፈራረቅ ሰው አልነበረም። ጥፋቱ ያንተ አይደለም።

ፎቶውን ሳነሣው ኮራሉ በርግጥ ቡናማ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ሃሩኖ ከመስኮቱ ሥር ጮኸች።

«አንተ ሰውዬ፣ ቶሎ ና! ኪኩዬ ከንፈሯን ተቀብታለች!»

ሮጥሁ። የኮራሉ ጫፎች ሐምራዊ ሆነዋል፤ ልክ ኪኩዬ እጅ ላይ እንደነበሩት። በጎኑ አዲስ ቅርንጫፍ አውጥቷል።

ፎቶ አልልክም፤ መጥተህ እየው። ድርሻህን ቆርጬ ድንጋይ ላይ አጣብቄልሃለሁ። ገንዳህን ወደ መስኮት ማስጠጋት ከፈለግህ አግዝሃለሁ፤ መብራት ብትሰቅልለትም አልቆጣም። እኔን ግን በዚህ ዕድሜዬ አደራ በላ አታሰኘኝም። ዝም ካልህ ኮራሉን በባልዲ ይዤ በርህ ላይ እቆማለሁ። ሃሩኖም ትከተለኛለች፤ የእሷን አፍ ደግሞ ታውቀዋለህ።

በስልክ ስለምትቀልድ ስልክ አልቀበልም። የምትመጣበትን ቀን በእጅህ ጽፈህ፣ እስከ ኖቬምበር 20 አድርስልኝ።

ካንሹ ቶካሺኪ
ናሃ