ከእታለም እንጉዳይ የወጣው ነጭ ዱቄት

ሰኞ፣ ኅዳር 8፤ ጠዋት
እንጉዳዩ ከነጋ ጀምሮ ይፈላል። ላቦራቶሪው ዝናብ የመታው እንጨት ይሸታል። ማጣራት፣ ውሃውን ማትነን፣ ከዚያ ቀዝቃዛ አልኮል። አልኮሉ ሲገባ ፖሊሳካራይዱ፣ ያ ረጅም የስኳር ሰንሰለት፣ እንደ ባዘቶ ነጭ ሆኖ ይንሳፈፋል፤ ቆይቶ ይዘቅጣል፤ ሲደርቅ ዱቄት ይሆናል። የሰውነትን መከላከያ ያበረታል የምንለው እሱን ነው።

ዘንድሮ የሰበሰቡልኝ ያሳደጉኝ አክስቴ እታለም ናቸው። እብናት፣ ከእርሻቸው ዳር፣ ከወደቀ ግንድ ላይ። ያውም ጉበታቸውን ታመው። አይልፉ ብላቸው አልሰሙኝም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10
እታለም ደወሉ። ነገ ባ/ዳር ሆስፒታል ቀጠሮ አላቸው። አልሄድም አሉ፤ ያንን ዱቄት ላኪልኝ፣ እሱ ይበቃኛል። አይሆንም አልኩ። ገና በአይጥ ነው የሞከርነው፤ የታመመ ጉበት ላይ ምን እንደሚያደርግ አናውቅም። ክፍል ውስጥ እንደማስተምር ሁሉ አስረዳኋቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ፦

«ለአይጥ የሰጠሽውን ለእኔ ነፈግሽኝ?»

ስልኩ ተዘጋ። መልሼ ልደውል አልኩ። የማድረቂያ ማሽኑ ተራ ደርሶኝ ነበር። አልደወልኩም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13
ልጃቸው የሺ ደወለች። ከቀጠሮው ቀርተዋል። አኩርፈው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል።

ማስታወሻዬ፣ ያልኩት እውነት ነው። ዛሬም ቢጠይቁኝ ያንኑ እላለሁ። ግን በስልክ ይባላል? አብሬዎት እሄዳለሁ ማለት እንዴት አቃተኝ?

ዱቄቱ ደረቀ። እንደዚህ ንጹሕ ሆኖ ወጥቶልን አያውቅም። ባልደረባዬ ተስፋዬ ደስታውን አልቻለውም። እኔ ማየቱም አስጠላኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 14
በሚኒባስ እብናት። ዓይናቸው ቢጫ፣ ሆዳቸው ተነፍቷል። ጉልበታቸውን ሳምኩ። «መጣሽ?» አሉ፤ ሌላ የለም። ዱቄቱን እንዳላመጣሁ ነገርኳቸው። ሆስፒታል አብሬዎት ልሂድ አልኩ።

«አንቺ ሥራ አለብሽ» አሉኝ።

«የለብኝም።» ዋሸሁ።

የሺን ነጠላቸውን አምጪ አሏት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16፤ ከሰዓት። ባ/ዳር
ሐኪሙ ወደ ኮሪደር ጠራኝ። ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ጥሩ ነበር አለ። ባለፈው ሐሙስ ማለቱ ነው? ወይስ አምና? አልጠየቅኩም፤ መልሱን ፈራሁት።

ከሆዳቸው ውሃ ቀዱላቸው። ትንሽ ቀለል ብሏቸው ተኙ። በእንቅልፋቸው መዳፌን አልለቀቁም። ያ ዱቄት አንድ ቀን ለሰው ይደርስ ይሆናል። ለእታለም አይደርስም።

ለተስፋዬ ደወልኩ። የቀረውን አንተ ቀጥል አልኩት። እስከ መቼ አለኝ። እሳቸው እስካሉ አልኩት። አይዞሽ አለኝ። እዚሁ እቆያለሁ፤ ወስኛለሁ። ለክፍል ኃላፊው ደግሞ ነገ

ነቁ። ውሃ ይላሉ፣ ልስጣቸው።