ተወርውሮ ስላልወደቀው የዓባይነሽ አሎሎ

ይድረስ ለክቡር የቴሌቪዥን ጣቢያው የስፖርት ዝግጅት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጉልበትዎ፣ ወገብዎና ጥርስዎ ደህና ይሆኑ ዘንድ ምኞቴ ነው፤ ስለ ዓይንዎ ግን እሰጋለሁ፤ ምክንያቱን ከታች ያገኙታል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከአንድ መንጋጋዬ፣ ከጉልበቴና ከእናንተ ዝግጅት በቀር የሚያመኝ የለም። የጣቢያዎን ስም ያልጻፍሁት ንቄ እንዳይመስልዎ፤ ባለ ሥራውን በስሙ አለመጥራት የቤታችሁ ወግ መሆኑን አይቼ፣ በወጋችሁ ላስተናግዳችሁ ብዬ ነው።

የልጅ ልጄ ዓባይነሽ አሎሎ ወርዋሪ ናት። ያንን ድቡልቡል ብረት አንገቷ ሥር ሸጉጣ፣ እንደ እንዝርት ዞራ ትለቀዋለች። በዞኖች ውድድር አንደኛ ብትወጣ፣ ሠራተኞችዎ በመኪና ፍኖተ ሰላም ድረስ መጡልን፤ እስከ ዛሬ ያልታዩትን ሴት ስፖርተኞች እናሳያለን፣ ታሪካቸውን በአዲስ መልክ እንናገራለን አሉን። እኛም ደስ አለን። በአገራችን እንግዳ የጠየቀውን መንፈግ ነውር ነው፤ ውሃ ቢል ጠላ፣ መደብ ቢል አልጋ ይሰጠዋል። የተበላሸነውም በዚሁ ነው፤ የእናንተ እንግዳ ምን ምን ሊጠይቅ እንደሚችል አባቶቻችን አልነገሩንም ነበር።

ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር ለይቼ በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ እንስራው አመሰግናለሁ። ዓባይነሽ ከተማ ውስጥ የምትኖር የስፖርት መምህርት ናት፤ ውሃ የምትቀዳው ከግቢዋ ቧንቧ ነው። ይህ ለጋዜጠኛዎ አልጣፈጠውም፤ እንስራ ይፈለግ ተባለ። ሰፈሩ ታስሶ ከእማሆይ ወለተ ሐና ግቢ አፉ የተሸረፈ፣ ጤና አዳም የተተከለበት አንድ እንስራ ተገኘ። እማሆይ «ለእንግዳ ከሆነ ምን ይደረግ» ብለው ጤና አዳሙን በገዛ እጃቸው ነቀሉት፤ ሽራፊው ወደ ኋላ ዞረና ልጅቱ ተሸከመችው። ተራኪያችሁም በዚያ በተቅለሰለሰ ድምፁ፣ ክንዷ የጠነከረው ከልጅነቷ ጀምሮ ውሃ በመሸከም ነው አለ። ውሃ መሸከም አሎሎ የሚያስወረውር ቢሆን ኖሮ፣ ክቡር ሆይ፣ ከደምበጫ እስከ ቡሬ ያለች እናት ሁሉ የሜዳልያ ማስቀመጫ ባጣች ነበር።

፪ኛ. ስለ እንባዬ አመሰግናለሁ። ጋዜጠኛዎ ቀረብ አለኝና «አባባ፣ በፊት ይቃወሟት ነበር አይደል? አሁን ሲያስቡት ትንሽ እንባ ቢኖር» አለኝ። እኔ እንኳን ልቃወማት፣ የመጀመሪያውን ድንጋይ መርጬ የሰጠኋት እኔው ነኝ፤ ብነግረው አልጻፈውም። «ልጄ፣ እንባ የለኝም፤ ምራቴ ግን ከጓሮ የቡሬ በርበሬ እየወቀጠች ነው፤ ከነፋሱ በታች ብታቆመኝ እንጃ» ብዬ ቀለድሁበት። የሳቀ መስሎኝ ነበር። ክንዴን ይዞ ወስዶ አቆመኝ! አገር ያየው የተጸጸተ አያት እንግዲህ ያ ነው፤ ሦስት ጊዜ አስነጥሶት ነበር፤ እሱን ቆርጣችሁ ጥላችሁታል።

፫ኛ. ስለ ባሏ አመሰግናለሁ። ስሙ እንግዳው ይባላል፤ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ቀልድ ካገኘ እራቱን የሚረሳ ልጅ። ሚስትህን አትፈራም ወይ ተብሎ ቢጠየቅ «ጎማ ስቀይር ክሪክ አልፈልግም፤ እሷን እጠራለሁ» አለ። ይኸው ቀልድ መክፈቻም መዝጊያም ሆነ። ባሏ ተናገረ፤ አሠልጣኟ ተናገረ፤ ሜዳውን አይተውት የማያውቁ አንድ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ስለ ሜዳው ተናገሩ፤ እኔ አለቀስሁ። እሷ ግን፣ ሙሉ ከሰዓት ቁጭ አድርጋችሁ ስትጠይቋት የዋላችሁት ልጅ፣ አንዲት ቃል ሳይወጣት ዝግጅቱ አለቀ። በማግሥቱ የላካችሁት የመስታወት የምስጋና ሰሌዳም «ለአቶ እንግዳው ቤተሰብ» ይላል። እንግዳው አሎሎ አንስቶ አያውቅም፤ ቢያነሳ ወገቡን ነው የሚያመው።

፬ኛ. ስለ ብረቱ አመሰግናለሁ። ዝግጅቱ የተላለፈው በኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው፤ ተረኛው እኔ ነበርሁና ማኅበርተኛው በሙሉ ቤቴ ነበር። ቄስ ዘመኑ ጸሎቱን አሳጠሩልን፤ ጽዋው እንኳ ጥግ ያዘ። ልጅቱ ዞረች፣ ለቀቀችው፣ ብረቱ ወጣ። እኛም አንገታችንን አስግገን መውደቂያውን ስንጠብቅ፣ እናንተ ሽንኩርት ስትከትፍ አሳያችሁን። «ኧረ የት ወደቀ?» አሉ ቄስ ዘመኑ። አያ ክንፈሚካኤል ደግሞ «ገና ላይ ነው፤ ከሥሩ ዞር በሉ» ብለው ወንበራቸውን ይዘው ወደ ግድግዳው ተጠጉ። አሸናፊ የሆነችበትን ርቀት ሳታሳዩ ወጧን ያሳያችሁን፣ መቼም ብረቱ የወደቀው ድስቱ ውስጥ ቢሆን ነው ብለን ተጽናንተናል።

፭ኛ. ይህን በቀልድ ልጽፈው ብል እጄ እምቢ አለኝ።

ዓባይነሽ ከምታሠለጥናቸው ልጆች አንዷ ሜላት ናት። ከተወለደች ጀምሮ ቀኝ እጇ ከክርኗ በታች የለም፤ በግራዋ ትወረውራለች፤ አወራወሯ ደግሞ አይጣል ነው። ካሜራ የያዘው ሠራተኛዎ «አንቺ ለትንሽ ጊዜ ከዛፉ ኋላ ሁኝ፤ ታሪኩ ይደናገርብናል» አላት። ሄደች። እንግዳ ነዋ የጠየቃት። ዓባይነሽም እንስራውን እንደ ተሸከመች ዝም አለች።

ዝግጅቱ የተላለፈ ማታ የሜላት እናት ውቢት የሰው ልጅ ሁሉ በቴሌቪዥኑ መስኮት ሲያልፍ የራሷን አጣች። «ካሜራ ያፈረባትን ልጅ እኔ ሜዳ ላይ አላቆማትም» ብላ አስቀረቻት። ዓባይነሽ ይህን ስትሰማ ቤቴ መጣች፤ ብረቷን ከቦርሳዋ አውጥታ በጠላ ጋኔ ክዳን ላይ አስቀመጠችው። «አያ፣ ዞር በይ ስትባል ዝም ያልሁት እኔ ነኝ፤ በየትኛው ዓይኔ አይቻት ነው የምወረውረው?» አለችኝ። የአገር አቀፉ ውድድር እየተቃረበ ነው፤ ገና አለፈ፣ ጥምቀት መጣ፣ ብረቱ ግን ጠላ ሲጠብቅ ከረመ። ያልታዩትን ልታሳዩ መጥታችሁ፣ የታየችውን ደብቃችሁ ሄዳችሁ። ለዚህ ብላችሁ ከአዲስ አበባ ድረስ መድከም ነበረባችሁ ወይ?

ባለፈው እሑድ ሜላት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብቻዋን መጣችና «አባባ፣ ብረቱን» አለችኝ። ያው አመሌ ነው፣ «ጠላው ይነፍስብኛል» አልኋት። «ይንፈስ» አለችና በአንድ እጇ ከጋኑ ላይ አንስታ ወደ ጓሮ፣ ወደ በቆሎው ቃርሚያ ወጣች። ውቢት ልጇን ልትመልስ ነጠላዋን እየጎተተች ደረሰች፤ ልትጠይቀኝ መጥታ ውስጥ የነበረችው ዓባይነሽም የውቢትን ጩኸት ሰምታ ወጣች። ልጅቱ ግን ማንንም አላየችም፤ ዞራ ለቀቀችው። ወደቀ፣ ክቡር ሆይ፤ የአሎሎ ነገር ሲሆን ይወድቃል። መሬቱ ድም ሲል ከእግራችን ሥር ተሰማን። ልትወስዳት የመጣችው እናት አፏን በነጠላዋ ይዛ ቆመችና «እስቲ ድገሚው» አለች። ያን ጊዜ ዓባይነሽ ጫማዋን አጠበቀች።

አሁን ሁለቱም ሜዳ ላይ ናቸው። ዳግመኛ ልትመጡ ብታስቡ በሩ ክፍት ነው፤ ነገር ግን በእንግድነት አንቀበላችሁም፤ «እምቢ» የሚባለውን ቃል ቤተሰቡ በሙሉ ለምዶታል። እንስራው ወደ ጤና አዳሙ ተመልሷል። ዓባይነሽን ጠይቃችሁ ስትመልስ ዝም በሉ፤ ሜላትን ከፊት አቁሙ፤ ብረቱን እስኪወድቅ ጠብቁት። እንባ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ከዚያው ይዛችሁ ኑ።

ያየውን እንዳላየ፣ ያላየውን እንዳየ አድርጎ ለማቅረብ ለሚደክመው ትጉህ ዓይንዎ ፈውስን እየለመንሁ፣ ከወንበርዎ በፊት ዝቅ ብዬ፣ ጉልበቴ ስለሚያመኝም ቶሎ ቀና ብዬ፣ እሰናበታለሁ።

የዓባይነሽ አያት
ኪዳነ ማርያም አለበል
ከፍኖተ ሰላም

ማስታወሻ፦ ብረቱ ሲሄድ የጋኑ ክዳን የሚጫነው አጥቶ ተጨንቀን ነበር። «ለአቶ እንግዳው ቤተሰብ» የሚለውን ሰሌዳችሁን ብንሞክረው ልክክ አለ፤ ጠላው እስከ ዛሬ አልነፈሰም። ስለ ሴት ስፖርተኞች ከሠራችሁት ሥራ ሁሉ ለሰው የጠቀመ ይኸው አንዱ ነውና፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።