የእማዬ ቁስልና የእማማ ኡምሰልማ ቅቤ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 1 ቀን 1979

የሒሳብ ፈተና ነበር። አለፍኩ? እንጃ… ስመለስ ቤቱ ምድጃ ሆኗል። እማዬ የጡቷን የጨረር ሕክምና ጨርሳ ቅዳሜ ከናይሮቢ ገባች። የአባዬ ታላቅ እህት እማማ ኡምሰልማ ከደሴ መጥተው ቤቱን ተረክበዋል። መስኮት ዝግ፣ በር ዝግ፣ እማዬ ላይ ጋቢ፣ ጋቢው ላይ ብርድ ልብስ። «ብርድ ከመታት አለቀላት!» ይላሉ። የቱ ብርድ? አቃቂ በሰቃ፣ ቆርቆሮ ሥር፣ በመጋቢት?

ሐሙስ፣ መጋቢት 3

ሐኪሙ ምን አለሽ? አልኳት። እማማ እንዳይሰሙ በሹክሹክታ ነገረችኝ። ከጨረር በኋላ ቆዳው ይቀላል፣ ይጠቁራል፣ አንዳንዷ ላይ ይላጣል። ጡቷ ተለቅ ያለ፣ ወፍራም የሆነች፣ ስኳር ያለባት፣ የምታጨስ… ይብስባታል። እጥፋቱ ውስጥ ላብ ከተጠራቀመ፣ ልብስ ከፈተገውማ አይጣል። ሰፊ ልብስ፣ አየር። ሳይፈቅዱላት ምንም እንዳትቀባ።

«አንቺ ስንቱ አለብሽ?»
«ስኳር የለኝም። ሲጋራም…»
«ጡቱስ?»
«ሂጂ ሳዲያ! ባለጌ!» ሳቀች ግን።

ለእማማ ለምን አልነገረችም? «የባሌ ታላቅ ናቸው። ለእኔ ብለው ከደሴ ድረስ መጥተው…»

ሐኪሙ ስለ ስኳር ጠይቋል፣ ስለ ሲጋራ ጠይቋል። ስለ ይሉኝታ ሳይጠይቅ ቀረ።

አርብ፣ መጋቢት 4

እማማ ጡቷን ቅቤ ይቀቧታል ለካ! የሰው ገላ ማየት ነውር ነውና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ እጃቸውን ከጋቢው ሥር ሰደው፣ ቢስሚላህ ብለው በዳበሳ። ሊጥ የሚያቦኩ ነው የሚመስሉት። አፌን ይዤ ወጣሁ።

እሑድ፣ መጋቢት 6

አልስቅም። ልብሷን ላጥብ ስል ሸሚዟ ላይ ተጣብቆ የደረቀ ነገር… ይሸታል። ቀማችኝ። «የቀበሌ ስብሰባ አለ፣ ሂጂ» አለች። ሄድኩ። ጓድ ሊቀመንበሩ ስለ ንቃት ሲያወሩ ግማሹ ሰው ተኝቷል። እኔ የማስበው ሸሚዙን። ቢመረቅዝስ? ናይሮቢ ድረስ ሄዳ ተርፋ፣ እዚህ በቅቤ ብትሞትብኝስ?

ማክሰኞ፣ መጋቢት 8

አላስቻለኝም። እማማ ቅቤውን ሲያነሡ፣

«እማማ፣ ቅቤ የተቀባ ሥጋ ሙቀት ላይ ሲቀመጥ ምን ይሆናል?»
«ይበስላል እንጂ ምን ይሆናል?… አንቺ! እናትሽን ከሥጋ!» ጫማቸውን አወለቁ።

እማዬ ብድግ አለች። መስኮቱን ራሷ ከፈተች። ሸሚዟን ፈታች፣ ጡቷን በእጇ ደገፍ አድርጋ አነሣችው።

«እትዬ ኡምሰልማ፣ ፊትዎን አያዙሩ። ይዩት።»

ሥሩ ተልጧል። ቀይ፣ እርጥብ…

ቅቤ የነካው እጃቸው አየር ላይ ቀረ። «ያ አላህ… እኔ ነኝ? ለምን ዝም አልሽ?»
«አንቱን በምኔ እምቢ ልበል?»
«በአፍሽ!» ብለው ጮኹ። ከዚያ አለቀሱ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 9

ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ቁስሉን አጥበው መድኃኒት ሰጧት። «ቅቤ የቀባት ማነው?» ሲሉ እማማ እንደ ተማሪ እጃቸውን አወጡ።

እሑድ፣ መጋቢት 27

ደርቋል። ቦታው ጠቁሯል፣ ዳር ዳሩን ስስ አዲስ ቆዳ… ቁስሉን የማጥብላት እኔ ነኝ፤ አሁን አትደብቀኝም። መስኮቱ ክፍት ነው። እማማ በር ላይ ቆመው ሊያቅፍ የመጣውን ሁሉ «በእጅ! በእጅ ሰላም በሉ!» እያሉ ያስደነግጣሉ።

ጎረቤታችን ዳሲቱ በጠርሙስ ቅባት ይዛ መጣች። ሁላችንም እማዬን አየን።

«አላህ ይስጥልኝ ዳሲቱዬ። አይሆንም፣ አልቀባም።»

አለችው! ዳሲቱም አልተቀየመች፤ ቁጭ ብላ ስለ ስኳር ወረፋ ማውራት ጀመረች።

ደስ ብሏታል ብዬ ከሰዓት ጠጋ አልኳት። ከጓደኞቼ ጋር ሳሪስ ደርሼ ልምጣ?

«አይሆንም።»

እንዲህ ቶሎ ትለምደዋለች ብዬ መች አሰብኩ?